በር የዘጋሁብሽ ዓርብ

ትርንጎዬ፣ እህት ዓለሜ፣

ካረፍሽ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። አንዴ ድስቱ ሊያርብኝ ነው ብዬ፣ አንዴ ስልክ የጮኸ መስሎኝ፣ አንዴ ደግሞ እንዲሁ፣ ያለ ምንም ምክንያት። ፊደል እንዳልቆጠርሽ አውቃለሁ። እኔን እስከ አራተኛ ክፍል ሲያስተምሩኝ አንቺን «ጆሮዋ አይሰማ፣ ተማሪ ቤት ምን ትሠራለች» ብለው ከቤት አስቀሩሽ። ታዲያ ለማታነብ ሰው ምን ያጽፍሻል የሚለኝ ቢኖር፣ በቁምሽ ሳለሽ ልነግርሽ ሲገባኝ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ነው እለዋለሁ። ሌላው ሰው ያንብበው። እንዲያውም ያንብበው።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራሽ። ያው አራተኛ ፎቅ ነን። አሳንሰር ይገባል ማለቱ አልቀረም፣ መግባቱ ነው የቀረው። ሩሲያዊቷ ጎረቤታችን ሉባ አሁንም ደረጃ ላይ ስታገኘኝ፣ ካንቺ ጋር በለመደችው፣ በእጇ ነው የምታወራኝ። «ሉባ፣ እኔ እኮ እሰማለሁ!» ብላትም ወይ ፍንክች። ልጄ ኦሪትና ባሏ ካርሜ ጋት ሰፈር ከአዲሶቹ ፎቆች በአንዱ ቤት ገዝተው ገብተዋል። ሁለተኛ ልጇን ወለደች፣ ሴት ናት፤ አንቺ ያላየሻት። ቅንድቧ የናታችን ነው። እኔም ፋብሪካውን ተውኩት፤ ወገቤ ከዚያ በላይ አልቆምም አለ። አሁን አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳያዓት ሆኛለሁ፣ የአስተማሪዋ ረዳት ማለት ነው። ሦስተኛ ክፍል ነው የደረሰኝ። የጫማ ክር አስራለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ። ልጆቹ «ያልጋ! ያልጋ!» እያሉ በስሜ ይጠሩኛል። እናት የሚያህል ሰው እንዲህ ይጠራል ወይ ብዬ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን አንድ ቀን ካልጠሩኝ ይከፋኛል።

ነገሩ የመጣው ከዚሁ ትምህርት ቤት ነው፣ ትርንጎዬ።

ከሐኑካ በዓል በኋላ የክፍሉ አስተማሪ፣ ሞራ ዳፍና (ሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው)፣ አካል ጉዳት ስላለባቸው ሰዎች ለልጆቹ ማስተማር ጀመረች። ሰዎቹን እንዲያውቁ፣ እንዳይፈሩ፣ እንዳይስቁባቸው ነው። አንድ ቀን ዓይነ ስውር ሰው መጣላቸው። ልጆቹ ሲያዩት ትንፋሻቸውን ዋጡ፣ ከዚያ አንዱ «በሕልምህ ታያለህ?» ሲለው ሰውየው ሳቀ፣ እነሱም ተፈቱ፣ እስኪወጣ ድረስ በጥያቄ አጣደፉት። ሌላ ቀን ተሽከርካሪ ወንበር መጣ። ግቢው ውስጥ እሽቅድምድም አደረጉት፣ ሞራ ዳፍና ተቆጣች። ቀጥላ «በሉ እንግዲህ፣ የተቀመጠው ሳይነሣ ክፍል ግቡ» አለቻቸው። በሩ ጋ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ለአምስት ገፍተው አልወጣ ሲላቸው ፀጥ አሉ። ያቺ ፀጥታ ከስብከት ሁሉ የበለጠች ትምህርት ናት ብዬ አሰብኩ።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተራ ሲደርስ ሞራ ዳፍና ወደኔ መጣች። «ያልጋ፣ እህትሽን ነግረሽኝ ነበር እኮ። ለምን አንቺ አታወሪላቸውም?» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ለሰንበት የማደርገውን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ።

ምን ያላወራሁላቸው አለ! በአምስት ዓመትሽ ያ ክፉ ትኩሳት እንደያዘሽ፣ ስትድኚ ጆሮሽ እንዳልተመለሰ። ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስንመጣ አውሮፕላኑ ወለል ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠን፣ ሁሉ ሲፈራ አንቺ መዳፍሽን ወለሉ ላይ ለጥፈሽ ጩኸቱን በእጅሽ ስትሰሚ እንደሳቅሽ። ለያንዳንዱ ዘመድ በእጅሽ ስም እንዳወጣሽለት፤ ለአጎታችን ሆድ፣ ለአክስታችን ምላስ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ እንዴት ትሰማ ነበር አሉኝ። እጇን ይዤ አብረን ወደ ደረጃው እንሮጥ ነበር፣ እኛ ጆሯችንን ስንደፍን እሷ የሰዉን ፊት እያየች አደጋው ማለፉን ታውቅ ነበር አልኳቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

«ሰርግ ላይስ ትጨፍር ነበር?» አለች አንዷ።

«ከበሮውን በእግሯ እየሰማች፣ ከሁላችን አስበልጣ!» አልኳት። ይህም እውነት ነው። እዚህ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? አልበቃኝም። ምላሴ ዝም ብላ ቀጠለች። «ልጄን ኦሪትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡም ከእንግዶቹ ፊት ያስቀመጥናት እሷን ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ይከበራል፣ አይደበቅም» አልኩ። ሞራ ዳፍና ዓይኗን ጠረገች። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ጭብጨባውን ተቀበልኩት።

በእረፍት ሰዓት አንዲት ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ኤደን እላታለሁ፣ ስሟ ግን እሱ አይደለም። ከኛው ከቤተ እስራኤል ልጆች ናት፣ ዝምተኛ፣ ጎበዝ ተማሪ። መንደሪን እየላጠች፣ እኔን ሳታየኝ፣

«እህትሽ እውነት ከእንግዶች ጋር ትቀመጥ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ የኔ ቆንጆ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

መንደሪኑን ላጠች፣ ግን አልበላችውም። «እሺ። የኛ ቤት ብቻ ነው ማለት ነው» አለች።

ቀስ እያልኩ ጠየቅኋት። ታላቅ እህት አለቻት። እግሮቿ አይታዘዙላትም፣ አፏ አይከደንም፣ ስትስቅ ቤቱን ሁሉ ታናውጣለች። እንግዳ ሲመጣ የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋል፣ ሬዲዮ ይከፈታል። «እማዬ፣ እህትሽን ስለሚደክማት ነው ትላለች። ግን አይደክማትም» አለችኝ። የኤደን ልደት ደርሶ ነበር፣ ከክፍሏ ማንንም አልጠራም ብላለች። «ቤታችን መጥፎ እንደሆነ እንዲያዩ አልፈልግም።» መንደሪኑን እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ትርንጎዬ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጫ አጣሁ። ውሸቴ እኔን አሳምሮ ያቺን ልጅ ብቻዋን አስቀራት። ከዘር ማንዘሯ የሚያሳፍር ቤት የሷ ብቻ መሰላት። አውቶቡስ ተሳፍሬ መውረጃዬን አለፍኩ፣ ሁለት ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ማጠብ የሌለብኝን አጠብኩ።

ያን ዓርብ እኔም አንቺም እናውቀዋለን። ሌላው ሰው እንዲያውቀው ግን ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ ከአሽቀሎን የመጡት ዓርብ ጠዋት ነበር፣ ሰንበት ሳይገባባቸው እንዲመለሱ። ሦስት አዛውንት፣ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፤ የልጁም አባትና እናት። እስከ ሰባት ትውልድ ሊቆጠር ነው። ሲቆጠር ደግሞ ማን ከማን ተወለደ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፣ በዘራችሁ ምን አለ ይባላል። «ይቺን ምን ብለን ነው?» ያለው ሰው ነበር፣ ስሙን አልጽፍም፣ እሱ ላይ መለጠፍ አልፈልግም። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። መኝታ ቤት አስገባሁሽ። በጣቴ ወለሉን ጠቆምኩልሽ፣ «እዚህ»። ደረቴን ጠቆምኩ፣ «እኔ እስክመጣ»። ለዚያች ቀን ብለሽ የገዛሻትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰሽ ነበር። መጀመሪያ ቀሚስሽን አየሽ፣ ከዚያ እኔን አየሽኝ፣ ከዚያ ራስሽን ነቀነቅሽ። ምግብ በሳህን አድርጌ ሰጠሁሽ።

ነገሩ አማረ፣ ተመራረቅን። እኩለ ቀን ሳይሆን እንግዶቹን እስከ መኪናቸው ሸኘን። ተመልሰን እልልታው፣ ሳቁ፣ ስልኩ፣ ለዘመድ ሁሉ መደወሉ። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ለሰንበት የማነጥፈውን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ፍለጋ መኝታ ቤት ገባሁ። አንቺን ፍለጋ አልነበረም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠሻል፣ ጫማሽን እንዳደረግሽ፣ ሻሽሽን እንዳሰርሽ። ሳህኑ እንደተከደነ ነው። በእጅሽ «ሄዱ?» አልሽኝ። «አሁን፣ ገና አሁን» አልኩሽ። ጉንጬን በመዳፍሽ ነካ አድርገሽ ተነሣሽ፣ የጠረጴዛውን ልብስ ካንዱ ጫፍ ይዘሽ አብረሽኝ አነጠፍሽ።

እሑድ መስኮት ስወለውል ነው የገባኝ። ያ መስኮት የሚያየው የመኪና ማቆሚያውን ነው። ስንሸኛቸው አይተሻል። መኪኖቹ ሲወጡ አይተሻል። እኔ ስስቅ አይተሻል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ የተቀመጥሽው መሄዳቸውን ሳታውቂ ቀርተሽ ሳይሆን እኔ እስክመጣ ስላልኩሽ ነው። ሳይረን ሲጮህ አንድም ቀን ረስቼሽ አላውቅም፣ ጫማ ሳላደርግ ነበር ሮጬ የማነሣሽ። እንግዳ ሲሄድ ግን ረሳሁሽ።

ይባስ ብሎ፣ በኦሪት የመጀመሪያ ልጅ ግርዛት ላይ የባሏ እናት በሳቅ እያነባች ምን አለችኝ መሰለሽ? «እኛም እኮ ያን ዕለት ዓይነ ስውሯን አክስታችንን ጎረቤት ጋ ትተን ነው የመጣነው!» እኔና እሷ ተያይዘን ሳቅን። አንቺ ማዶ ጠረጴዛ ሆነሽ አየሽን፣ መሳቃችንን አይተሽ አብረሽን ሳቅሽ። በምን እንደሳቅን አልነገርኩሽም።

ልመለስና ለልጆቹ እውነቱን ልንገር ብዬ ቆረጥኩ። መጀመሪያ ለኦሪት ደወልኩላት። «እማ፣ አብደሻል?» አለችኝ። «የኔን ሰርግ ጉድ ለአንድ ክፍል ልጅ ልታወሪ ነው? በሚቀጥለው ዓመት ልጄ እዚያ ትምህርት ቤት ይገባል እኮ!» ቆይታ፣ በሌላ ድምፅ፣ «ፀጉሬን ሲሠሩኝ በሩ ሲዘጋ አይቻለሁ። ሙሽራዋ እኔ ነበርኩ፣ አንድ ቃል ብናገር ትከፍቺው ነበር» አለች። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው። እስከ ማግስቱ አልደወለችም፣ እኔም አልደወልኩም።

ሞራ ዳፍናም አልወደደችውም። «ያልጋ፣ ልጆቹ ትንንሾች ናቸው። ያን የመሰለ ቆንጆ ታሪክ ለምን ታበላሺዋለሽ?» ቆንጆ እንጂ እውነት ስላልሆነ ነው አልኳት። ግራ ገባት፣ ግን ፈቀደችልኝ።

ቆምኩ። «ባለፈው የነገርኳችሁ አንዱ ነገር ውሸት ነበር» አልኩ። ክፍሉ ተንጫጫ። «ትልቅ ሰው ይዋሻል?» «ሞራ፣ ያልጋ ዋሸች!» እስኪበርድላቸው ጠበቅሁና ዓርቡን እንዳለ ነገርኳቸው፣ መስኮቱን ጭምር።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?» አለ አንዱ።

«አልተቆለፈም። በቃሌ ነው የዘጋሁት።»

«እኔ ብሆን በእርግጫ እከፍተው ነበር!»

«አንተማ ሁሉን በእርግጫ ነው» አለችው ጎኑ ያለችው።

ከኋላ ደግሞ አንዲት ትንሽ ድምፅ፣ «ሽንት ቤት ብትፈልግስ?»

ትርንጎዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ነገሩን ሳገላብጠው ይቺን አንድም ቀን አላሰብኳትም። መኝታ ቤቱ ሽንት ቤት የለው። ሳሎን ሳታልፊ መድረስ አትችይ። ምን አደረግሽ? እንዴት ቻልሽው? ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ በአንዴ የጠየቀችውን እኔ እህትሽ ሳልጠይቅ ቀበርኩሽ። «አላውቅም። አልጠየቅኋትም» አልኩ።

ኤደን እስከዚያ ድረስ ቀና አላለችም፣ ላጲሷን ትቦጫጭቅ ነበር። እጇን ሳታወጣ፣ «አንቺ መጥፎ ነሽ?» አለችኝ። ሞራ ዳፍና «ኤደን!» አለች። እኔ ተዪያት አልኩ።

«ያን ቀን መጥፎ ነገር ሠርቻለሁ። እህቴን ግን እወዳት ነበር፣ ሰው ምን ይላል የሚለውን ፈርቼ ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «እማዬም ትወዳታለች» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለላጲሱ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅልኝ ቁጭ ብዬ እተነፍስ ነበር። አላለቀም። በሦስተኛው ቀን ልጆች ስናስወጣ አንዲት ሴት በሩ ጋ ጠበቀችኝ። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፣ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው በቀጥታ ነው የመጣችው። «እርስዎ ነዎት ያልጋነሽ?» አለችኝ። ያን ያህል ተናዳ እንኳ እርስዎ ማለቷን አልተወችም፣ እሱ ደግሞ የበለጠ አሸማቀቀኝ።

«ልጄ ትናንት እንግዳ ፊት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው» አለች። «የባሌ ዘመዶች ናቸው፣ ከሐይፋ። ትልቋ ልጄ ልብሷ አልተለወጠላት፣ አፏ አልተጠረገላት። ሁሉም አፍጥጠው አዩዋት፣ ደንግጣ አለቀሰች። ይኼ ነው ትምህርቱ?»

«እኔ የራሴን ቤት ነው ያወራሁት፣ እህቴ።»

«የእርስዎ እህት አርፋለች። አሁን ቢያወሩላት ምን ትሆናለች? የኔ ልጅ ነገም አለች። ነገም ያዩዋታል።»

እውነቷን ነው። ያቺ ሴት ሃያ አራት ሰዓት ተሸክማ፣ አጥባ፣ አጉርሳ የምታሳድግ እናት ናት። በር የምትዘጋው ልጇን ጠልታ ሳይሆን የሰዉን ዓይን ፈርታላት ነው። እኔ ደግሞ የሰዉን ዓይን ሳላቀና የትንሿን እጅ መዝጊያው ላይ አስቀመጥኩት። አዎ፣ የሐይፋ ዘመዶችም አንድ ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ቁጭ ብለው መማር ነበረባቸው። ግን ይህ ለዚያች ላለቀሰች ልጅ ምን ይጠቅማታል?

ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ተመለሰችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህትዎን ግን፣ በቁሟ ሳለች፣ ይቅርታ ጠይቀዋታል?» አለችኝ።

«አልጠየቅኋትም።»

አየችኝ። ሄደች።

ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ስንት ዓመት በእጃችን ስናወራ፣ ለጨው ምልክት ነበረን፣ ለዝናብ ነበረን፣ ለአጎታችን ሆድ ሳይቀር ነበረን። ለይቅርታ አልነበረንም። አንቺ ስታጠፊ አንድ ቁጣ ነበር የሚደርስሽ፤ እኛ ስናጠፋ ደግሞ ለሷ አይገባትም ብለን አለፍነው። ሁሉም ነበር የሚገባሽ። ይቅር በይኝ፣ ትርንጎ። ለበሩ ይቅር በይኝ። «ገና አሁን» ስላልኩሽ ይቅር በይኝ። ማዶ ሆነሽ አብረሽን ስለሳቅሽው ይቅር በይኝ። ያቺ ልጅ ለጠየቀችው ጥያቄም፣ መልሱ ምን እንደሆነ ባላውቅም።

ኤደን ለልደቷ ማንን እንደጠራች አላውቅም፤ ልጠይቃት አፌ ድረስ እየመጣ እመልሰዋለሁ። ትናንት ጫማዋን ሳስርላት ትከሻዬን ይዛ ቆመች፣ ከሌላው ቀን ትንሽ ጠበቅ አድርጋ፣ ወይም ለኔ እንዲያ መሰለኝ። እናቷን ደግሞ ቤትዎ ልምጣ ልላት ፈልጌ እፈራለሁ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን፣ ልብስ ስትለውጥላት የምታቀብል ሰው ከፈለገች ብዬ ነው። እሑድ ሌላኛው ሦስተኛ ክፍል ነይልን ብሎኛል። ኦሪት ደወለች፣ «እኔም ልምጣ?» አለችኝ። ነይ አልኳት። ምን እንደምትል አላውቅም፣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

በአዝካራሽ ቀን፣ በሙት ዓመት መታሰቢያሽ፣ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ደጓ፣ ሳቂታዋ፣ ጨዋታ አዋቂዋ ሲል እኔም አሜን እላለሁ፣ ነበርሽና። ግን ከእንግዲህ ካንቺ ላይ የሚያምረውን ብቻ መርጬ አላስታውስሽም። ያን ዓርብ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እህትሽ የት ነበረች ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅም ሆነ ሽማግሌ ቢመጣ፣ ሥራ ላይ ነበረች አልልም፣ ከፊት ነበረች አልልም። ከበሩ ጀርባ ነበረች፣ ያስቀመጥኳትም እኔ ነኝ እላለሁ። አፌ እስከሚያዝልኝ ድረስ እንዲህ እላለሁ።

ታላቅ እህትሽ
ያልጋነሽ
ቂርያት ጋት